ከኩርባው ማዶ የተቀመጠው አጎት ሶምኑክ

የአጎት ሶምኑክ አስከሬን እንደ ወጋችን በገዳሙ በተቃጠለ ዕለት ለለቀስተኛው በታደለችው ቀጭን መጽሐፍ ላይ የመንደራችን አለቃ ኡዶም «ደግ፣ ተጫዋችና ሰው አማኝ ነበር» ብሎ አስጽፏል። ሦስቱም ውሸት ነው። አለቃ ኡዶም ራሱ ሰውየውን ከኩርባው ሊያባርር ሰው አስከትሎ መምጣቱን ደግሞ መጽሐፏ አታነሳም። ስለዚህ እውነቱን እኔ ልናገር። እኔም ብሆን ከአባራሪዎቹ ፊት ፊት ነበርኩ።

አጎት ሶምኑክ የማያምን ሰው ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት የሸንኮራ አገዳ መኪና ሲነዳ፣ መካኒኩ ማታ ያየውን ፍሬን ጠዋት መኪናው ሥር ተጋድሞ ራሱ ሳያይ ሞተር አስነስቶ አያውቅም። እንቁላል ሊጠብስ ሲል አንድ በአንድ ሌላ ኩባያ ውስጥ ሰብሮ ያሸታል። በገዛ እጁ ከኩሬ ያወጣውን ዓሣ «የመቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል እየተባለ ይቀለድበት ነበር። ሚስቱ ትታው የሄደችው በመጠጥ ወይም በሌላ ሴት አይደለም። «ደህና አደርሽ?» ይላታል፣ «ደህና» ስትለው «እርግጠኛ ነሽ?» ይላታል። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ስትነግረኝም አልሳቀችም።

እኔ ቡዋፓን እባላለሁ። የመቶ ሬሳ ኩርባ ላይ የአበባ ጉንጉን እሸጣለሁ። ለኩርባው ስም ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። መቶ መሙላቱን ማንም አልቆጠረም፣ በዝቷል ብሎ የተከራከረም የለም። መንገዱ ከኮረብታው ቁልቁል ይመጣና ትልቁ ዋርካ ጋ ሲደርስ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከዋርካው ሥር ደግሞ የአድባር ቤቱ፣ በምሰሶ ላይ የቆመ ትንሽ የመንፈስ ማረፊያ፣ ነበር። አንድ አውቶቡስ እዚያ ተገልብጦ አሥራ አራት ሰው ሲሞት፣ ነፍሳቸው ማረፊያ እንዲያገኝና ሌላ ሰው እንዳይከተላቸው ብሎ ቤቱን የሠራው ባሌ ታዊ ነው። ታዊ አናጺ ነበር፤ ምሰሶዎቹን ከቲክ እንጨት አውጥቶ፣ ጣሪያውን ቀይ ቀብቶ፣ ሦስት ሳምንት ለፋበት።

በዓመቱ፣ በሸንኮራ ወቅት፣ ታዊ በሞተሩ ወደ ሥራ ሲሄድ እዚያው ኩርባ ላይ ቦይ ውስጥ ገብቶ ሞተ። ያየ ሰው አልተገኘም። ፖሊሶቹ መሪ ስቶ ነው አሉ። መንፈስ የምታናግረዋ ሴት ደግሞ የአውቶቡሱ ሙታን ቤት ሠሪያቸውን ወደውት ወሰዱት አለችኝ። እኔ የእሷን መረጥኩ። መሪ ስቶ የሞተ ባል የትም የለም፤ ሙታን ወደውት የወሰዱት ባል ግን በሠራው ቤት ውስጥ አለ። ልጃችን ዱዋንጃይ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከአድባር ቤቱ ጎን ጠረጴዛ ዘርግቼ ጃስሚንና ቢጫ አበባ በመርፌ እየሰካሁ እሸጣለሁ፤ ለአድባሩ የሚቀርቡ ቀይ ለስላሳና ትንንሽ የሜዳ አህያ ሐውልቶችም እይዛለሁ። ባሏ በሞተበት ትነግዳለች የሚሉኝ አሉ፤ ይበሉ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ሦስት ጊዜ ክላክስ ያደርግና ሁለት መዳፉን ገጥሞ ወደ ቤቱ እጅ ይነሳል። ባለ መኪናውም፣ ባለ ሞተሩም፣ ኋላ የተቀመጠውም። ዱዋንጃይ በእኔ ሞተር ኋላ ስትሄድ «አባትሽን ሰላም ሳትዪ እንዳታልፊ» እያልኩ አሳደግኋት። አድጋ በጫማ ፋብሪካ ሥራ ስትይዝና የራሷን ሞተር ስትገዛም አልረሳችም። ጠዋት ስትወርድ አንዴ፣ ማታ ስትመለስ አንዴ።

ኩርባው ግን መግደሉን አልተወም። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ፣ በአዲስ ዓመታችን የውሃ መረጫ በዓል ሰሞን፣ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች መኪና እየጮኸ ይመጣል፤ ሰው ሲሞት ሐውልት ይጨመራል፣ ሐውልት ሲጨመር አድባሩ ይበልጥ ይከበራል፣ ሲከበር ይበልጥ እጅ ይነሳለታል። ዓይኔ ሥር ሆኖ አላየሁትም። ዛሬ ሳስበው ራሴን በጥፊ መምታት ያምረኛል።

አጎት ሶምኑክ የመጣው የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ከበዓሉ ማግስት ነው። በዚያ በዓል ሁለት ወንድማማቾች በአንድ ሞተር ሞተውብን ነበር። ጡረታ ከወጣ ገና ወሩ ነው፤ እኛ በመልክና በአመሉ እናውቀዋለን እንጂ ቤቱ ከኮረብታው ወዲያ ነው። ከመንገዱ ማዶ፣ ሁመር ዛፉ ሥር፣ ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር አስቀመጠ። ደብተር አወጣ፤ እርሳሱ እንዳይጠፋ በክር ደብተሩ ላይ ታስሯል። ከጠዋት እስከ ማታ ተቀመጠ። በማግስቱም መጣ። ጉንጉን አልገዛኝም፣ ለአድባሩም እጅ አልነሳም። የሚያልፈውን እያየ ይጽፋል፣ ይጽፋል።

መጀመሪያ የጠረጠርነው የመንገድ መሥሪያ ቤት ሰላይ ነው ብለን ነው፤ እኛን ሊያስነሳ ነው አልን። ቀጥሎ፣ የለም፣ ይህ ሰው የሎተሪ ቁጥር እያሰላ ነው ተባለ። ሰው የሞተበት መኪና ታርጋ ዕድል አለው የሚል ብዙ ነው፤ አጎት ሶምኑክ ደግሞ የሁሉንም ታርጋ ይጽፋል። አንዱ ውሃ የሚጠይቅ መስሎ በትከሻው በኩል አጮልቆ ጥቂት ቁጥር ይዞ መጣ፤ መንደሩ ሁሉ በዚያ ቁጥር ቆረጠ። አንድም አልወጣ። ከዚያ በኋላማ ሆን ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ይጽፋል ተብሎ ጭራሽ ተጠላ።

እኔ ራሴ አንድ ቀን ተሻግሬ ሄድኩና «አጎቴ፣ ምን እየጻፉ ነው?» አልኩት።

«ገና አላመንኩበትም» አለኝ፣ ከደብተሩ ቀና ሳይል። «ሳምንበት እነግርሻለሁ።»

«መቼ ነው የሚያምኑበት?»

«እሱንም አላወቅሁም።»

ከዚህ መልስ ምን ይገኛል? ተመልሼ አበባዬን መስካት ቀጠልኩ። ዓይኔን ግን ከሰውየው ላይ አላነሳሁም። ዓይኔን ባለማንሳቴም ነው ያን ነገር ያየሁት። የሚኒስትር መኪና ቢያልፍ ከወንበሩ የማይነቃነቀው ሽማግሌ፣ ልጄ ዱዋንጃይ ከኮረብታው ብቅ ስትል ብድግ ይላል። ቆሞ አንገቱን አስግጎ ያያታል፣ ኩርባውን እስክትጨርስ አይቀመጥም፣ ከዚያ ይጽፋል። የመጀመሪያውን ቀን መስሎኝ ነው አልኩ። በማግስቱም ቆመ። ማታ ስትመለስም ቆመ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ መልከ መልካም ናት። ደሜ ፈላ።

አራት ወር ሙሉ እንዲህ ተጠባበቅን። እኔ እሱን፣ እሱ ልጄን። ነሐሴ ላይ አንድ ቀን ወንበሩን ትቶ ወደ ቁጥቋጦው ሽንቱን ሊሸና ገባ። ሮጬ ተሻገርኩና ደብተሩን ገለጥኩት። ሰዓት፣ ታርጋ፣ ከታርጋው ፊት ለፊት ዜሮ ወይም አንድ ወይም ሁለት። ገጹ ሁሉ እንዲሁ ነው። በየገጹ ግን አንድ ታርጋ በእርሳስ ተከቧል፤ 419። የልጄ ሞተር ታርጋ ነው። «419፣ ሁለት።» ማታም «419፣ ሁለት።» ወደ ኋላ ገለጥኩ፣ ገለጥኩ፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አለች። ደብተሩን መልሼ አስቀመጥኩና በቀጥታ ወደ አለቃ ኡዶም ሄድኩ።

አለቃ ኡዶም ሁለት ጎረምሳ የነፍስ አድን በጎ ፈቃደኞች አስከትሎ መጣ። እኔ የአበባ መቀሴን ይዣለሁ። ያን ቀን ነው አጎት ሶምኑክን «አንቱ» ማለት ያቆምኩት።

«የልጄን ታርጋ ለምንድን ነው የምትጽፈው?»

«ደብተሬን ከፈትሽው?»

«አዎ ከፈትኩት። ዓይንህን ከልጄ ላይ አንሳ፣ አንተ ሽማግሌ። አያቷ ትሆናለህ።»

«ባነሳ ማን ያይልሻል?» አለኝ። አልተቆጣም። ይልቅ ወደ አለቃው ዞሮ ደብተሩን ዘረጋለት። በዚህ ኩርባ ሲያልፍ መሪውን በሁለት እጁ የያዘ ዜሮ ነው፣ አንድ እጁን የለቀቀ አንድ ነው፣ ሁለቱንም ለቆ እጅ የነሳ ሁለት ነው አለ። በአራት ወር ውስጥ የወደቀውና መስመር ስቶ ለጥቂት የተረፈው አሥራ አንድ ነው፤ ከአሥራ አንዱ ዘጠኙ ሁለት ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾችም እንዲህ ሆነው የሞቱ ይመስለዋል፣ ግን ስላላየ አልጻፋቸውም።

አለቃ ኡዶም ሳቀበት። «እንግዲህ አድባሩን ያከበረ ነው የሚሞተው ልትለን ነው?»

«አድባሩን ሲያከብር መሪውን ማን ይይዝለታል?»

«አድባሩ ነዋ» አለ ከጎረምሶቹ አንዱ። የምሩን ነው። ሬሳ ከዚያ ኩርባ በእጁ ያነሳ ልጅ ነው፤ እንዲያም ሆኖ የምሩን ነው።

እኔ ግን ስለ ልጄ መምጣቴን ረስቼ ስለ ቤቱ ተናደድኩ። ባሌ ይህን ቤት የሠራው ሰው እንዳይሞት ነው፣ አንተ ደግሞ ቤቱ ገዳይ ነው ትላለህ አልኩት። አጎት ሶምኑክ እርሳሱን ከክሩ ጋር ጠቅልሎ ደብተሩ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሰዎቹን «እናንተ ሂዱ፣ ለእሷ ብቻ የምነግራት አለኝ» አላቸው። አለቃው አይሆንም ሊል ሲል እኔ ሂዱ አልኳቸው። መቀሱ በእጄ ነው፣ ምን እሆናለሁ?

«ባልሽ ሲሞት አይቼዋለሁ» አለኝ።

ያን ጠዋት ሸንኮራ ጭኖ ከከተማው በኩል እየወጣ ነበር። ኩርባው ላይ ከፊት ለፊቱ ቀይ ሞተር የያዘ ሰው መጣ። ሰውየው ሁለት እጁን ከመሪው አንስቶ ግንባሩ ላይ ገጥሞ እጅ ነሳ። አጎት ሶምኑክ ሰላምታው ለእሱ መሰለው። የማያውቀው ሰው ለአንድ የሸንኮራ ሾፌር ለምን እጅ ይነሳል ብሎ ጠረጠረ፤ ግን ደስ አለው፣ ክላክስ አደረገለትና አለፈ። ጭነቱ ከመኪናው ወጥቶ የኋላ ማያ መስታወቱን ሸፍኖበት ስለነበር ከኋላው የሆነውን አላየም። ስኳር ፋብሪካው በር ላይ ተሰልፎ ሳለ ነው ኩርባው ላይ አንድ ሰው ሞተ ሲባል የሰማው።

«አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ» አለኝ፣ «እኔን ሰላም ሊል ሲል ነው የሞተው እያልኩ ኖርኩ። ጡረታ ስወጣ መጥቼ በእግሬ ቆሜ አየሁት። ያን ጊዜ በነበርኩበት ቦታ ከመኪናዬ ኋላ ያለው ያ ቤት ነው። እኔን አልነበረም ሰላም ያለው። ግን የገዛ ዓይኔን አላምንም፤ ስለዚህ ቆጠርኩ።»

ውሸታም አልኩት። ገጭተኸው ነው ያመለጥከው፣ አሁን ስታረጅ ኃጢአትህን በባሌ እጅ ላይ ልትደፈድፍ ነው አልኩት። ሌላም ብዙ አልኩት፣ የማይጻፍ። ሰውየው አንዱንም አላስተባበለም። እኔም ብሆን እንዳንቺው ነበር የምጠረጥረው አለኝ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመነኝ። ነገ ጠዋት ልጅሽ ስታልፍ ከጠረጴዛሽ ተነሺና እዚህ ወንበሬ ላይ ተቀመጪ፤ አንቺ ከአድባሩ ጎን ሆነሽ የምታይው ፊቷን ነው፣ ከዚህ የሚታየው ጎማው ነው።

ሌሊቱን ስብሰለሰል አደርኩ። ጠዋት ለዱዋንጃይ ምንም አላልኳትም። የሚጣብቀውን ሩዝና የደረቀ ሥጋ ቋጥሬ ሰጠኋት፣ ሄልሜቷን አቀበልኳት፣ እሷ ስትለብስ እኔ ቀድሜ ወጣሁ። ማዶ ተሻግሬ ሰማያዊው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አጎት ሶምኑክ ከኋላዬ ቆመ። አሁንም አላመንኩትም፤ መቀሱ ኪሴ ውስጥ ነበር።

አንድ ሰዓት ሲሆን ከኮረብታው ብቅ አለች። ከኋላዋ የሲሚንቶ መኪና ተጠግቷታል። ዋርካው ጋ ስትደርስ ልክ መንገዱ በሚታጠፍበት ላይ ፊቷን ወደ ቤቱ መለሰች፤ ሁለት እጇም ከመሪው ተነሳ። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው፣ ከዚያ አይበልጥም። በዚያ አንድ ትንፋሽ ግን ሞተሩን ማንም አልያዘውም። የፊት ጎማው ወደ ቢጫው መስመር አዘነበለ፣ መስመሩን ነካው፣ ከወዲያ በኩል አንድ ፒካፕ እየመጣ ነበር። ልጄ አላየችውም። እሷ የምታየው አባቷን ነው። ከዚያ እጆቿ ወረዱ፣ መሪውን ያዘች፣ ቀና አደረገችው፣ ፒካፑ በክንድ ርቀት አለፋት። ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ወደ ሥራዋ ሄደች።

 ሞተር ከገዛች ጀምሮ ከጠረጴዛዬ ሆኜ ያንን ፊት ሳይ ኖሬያለሁ፤ የምታምር፣ አባቷን የምትወድ ልጅ አሳደግሁ ብዬ ልቤ ይሞላ ነበር።

«በየቀኑ እንዲህ ነው?» አልኩት።

«በቀን ሁለቴ» አለና ደብተሩ ላይ ሁለት ጻፈ።

ቤቱ ይነሳ ስል መንደሩ በላዬ ላይ ተነሳ። አለቃ ኡዶም ሙታኑ ቢቆጡ ለሚመጣው ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል አለ። የመንገድ መሥሪያ ቤቱ ሰዎች ምን ሰጥተዋት ነው ብለው በሹክሹክታ የሚያሙኝ ደንበኞቼ ነበሩ። የገዳሙን አለቃ ብንጠይቅ ቤቱን ለማንሳት መልካም የሚሆነው ቀን ከዘጠኝ ቀን በኋላ ነው አሉን። ዘጠኝ ቀን ማለት አሥራ ስምንት ጊዜ ነው። ቤቱን የሠራው ባሌ ነው፣ ውስጡ ያለውም ባሌ ነው፣ ከእሱ ጋር እኔ እነጋገራለሁ ብዬ በዚያው ቀን ከሰዓት መፈንቅል ይዤ መጣሁ። የረዳኝ አጎት ሶምኑክ ብቻ ነው። ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ ስናወርድ ከወለሉ ሥር የታዊ እርሳስ ልኬት አሁንም ይነበባል። «ጎበዝ አናጺ ነበር» አለ አጎት ሶምኑክ፣ ከዚያ ሜትሩን አውጥቶ ልኬቱን ራሱ ለካው።

ቤቱን ከኩርባው ሦስት መቶ ሜትር ቀደም ብሎ፣ መኪና ዳር ይዞ ሊቆም በሚችልበት ጠጠር ሜዳ ላይ ተከልነው። ሰሌዳ አቆምን፤ «መጀመሪያ ቁም፣ ከዚያ እጅ ንሳ» ይላል። ጠረጴዛዬንም ወሰድኩ። ሰው ግን መች ይለምዳል? ባዶው ዋርካ ጋ ሲደርስ አሁንም እጁን ያነሳል። ልጄም እንደዚያው።

ስለዚህ ማታ አስቀመጥኳትና ያንን የማይባል ነገር አልኳት። «ከነገ ጀምሮ ኩርባው ላይ አባትሽን ሰላም አትዪም።»

ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት፣ አባቷ እንዴት እንደሞተ አጎት ሶምኑክ የነገረኝንም። መጀመሪያ ተቆጣች፣ ያ ሽማግሌ ምን አስነክቶሽ ነው አለችኝ። ከዚያ አለቀሰች። «እማ፣ ዝም ብዬ ባልፍ አባዬ ምን ይለኛል?»

«ምን እንደሚል አላውቅም» አልኳት። «እኔ የማውቀው የራሴን ነው። ሁለታችሁንም እዚያ ቤት ውስጥ ማየት አልፈልግም።»

በማግስቱ ጠዋት ማዶ ተቀመጥኩ። መጣች። ዋርካው ጋ ስትደርስ ትከሻዋ ሲነሳ አየሁ፣ ክንዷ ሲወጠር አየሁ። ፊቷን አላዞረችም። ሁለት እጇ መሪው ላይ እንዳለ ኩርባውን ዞረች፣ ጎማው መስመሩን ይዞ ዞረ። ከሄልሜቷ ሥር እያለቀሰች እንደነበር ማታ ነው የነገረችኝ። አጎት ሶምኑክ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ፣ ዜሮ ጻፈ። ከዚያ «ነገም እናያለን» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሁለት ዓመት ተኩል አየ። «አንተ» እንዳልኩት ቀረ፣ እሱም ቅር አላለውም። ዜሮዎቹ ሲበዙ ደስ ያለው እንደሆነ ብጠይቀው ወቅቱ ነው፣ ዝናቡ ነው፣ ገና ነው ይለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ጉንጉን ገዛኝ። አዲሱ ቦታ ሄዶ፣ ቆሞ፣ ሁለት እጁን ገጥሞ ለታዊ እጅ ነሳ። በዚያች በሸንኮራ ጠዋት የተነሳለትን እጅ ይመልስ ነበር መሰለኝ። የሞተው በአልጋው ላይ ነው፤ ለሠላሳ አንድ ዓመት ሾፌር ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ወንበሩና ደብተሩ እኔ ጋ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ጠረጴዛዬን ከመዘርጋቴ በፊት ሁመር ዛፉ ሥር እቀመጣለሁ፤ የሚያልፉት ሰዎች እኔንም መጠርጠር ጀምረዋል። አንድ ሰዓት ሲሆን ብድግ እላለሁ። ልጄ ከኮረብታው ትወርዳለች፣ አባቷን ሰላም ሳትል ታልፋለች፣ እኔም ዜሮ እጽፋለሁ።